«ልብን ማቃጠል»፦ ለተዛባ የልብ ምት ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም?

በአማርኛችን «ልቤን አቃጠልከው» የምንለው በብርቱ ያስከፋንን ሰው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ልብን ማቃጠል በቀጥታ ትርጉሙ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ቤተሰብ ጨዋታ ገብቷል። አሜሪካ ያለ ልጅ ደውሎ «ልቤ ውስጥ ጥቂት ቦታ ሊያቃጥሉልኝ ቀጠሮ ይዣለሁ» ይላል፤ እናት ስልኩን እንደያዙ ይደነግጣሉ። እዚህ አገር ደግሞ የልብ ምታቸው የተዛባ አባት «ውጭ አገር የሚሠራ ሕክምና አለ» ይባላሉ። ልጆች ዕቁብ ያወጣሉ፣ ዘመድ ያስቸግራሉ፣ ሕንድ ይሻላል ወይስ ታይላንድ እያሉ ይማከራሉ።

ሐኪሞች ይህን ሕክምና «ካቴተር አብሌሽን» ይሉታል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለውን የልብ ምት መዛባት ለማከም በዓለም ዙሪያ በስፋት ይሠራል፤ ለተገቢው ሕመምተኛም ትልቅ እፎይታ ያስገኛል። ይሁን እንጂ ቤተሰብ ገንዘብ ከማሰባሰቡ በፊት ጠንቅቆ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። የልብን ምት ማስተካከልና ስትሮክን መከላከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አብሌሽን የመጀመሪያውን ይሠራል፤ ለሁለተኛው ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ይህን ሳይረዳ «ልቤ ተስተካከለ» ብሎ መድኃኒቱን የሚጥል ሰው ብዙ ገንዘብ ከከፈለ በኋላ ራሱን ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

ልብ ምቱን ሲስት

ልባችን አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። በቀኙ የላይኛው ክፍል ውስጥ ያለች ትንሽ የተፈጥሮ የኤሌክትሪክ ምንጭ ሰው ሲያርፍ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ምልክት ትሰጣለች። ምልክቱ የላይኞቹን ክፍሎች አዳርሶ በመካከል ባለች መተላለፊያ በኩል ወደ ታችኞቹ ይወርዳል፤ ልብም በሥርዓት ይመታል።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሲከሰት ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። በላይኞቹ ክፍሎች ውስጥ በደቂቃ ከ350 እስከ 600 የሚደርሱ የተዘበራረቁ ምልክቶች ይራወጣሉ፤ ጡንቻው በወጉ መኮማተሩን ትቶ ይርገበገባል። መተላለፊያዋ ከምልክቶቹ የተወሰኑትን ብቻ ስለምታሳልፍ የታችኞቹ ክፍሎች ሙሉ በሙሉ አይታወኩም። ነገር ግን ምታቸው ይፈጥናል፣ ወጥነቱንም ያጣል። አንዳንዱ ሰው ልቡ ድው ድው ሲልበት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ሲደክመውና ሲያዞረው ይታወቀዋል። ሌላው ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ይኖራል።

ትልቁ አደጋ ያለው ከዚህ ላይ ነው። የላይኛው ክፍል በወጉ ስለማይኮማተር ደም በግራ በኩል ባለች ጆሮ መሰል ከረጢት ውስጥ ይተኛል፣ ይረጋል። የረጋው ደም አንድ ቀን ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው ታዋቂ ጥናት በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውጤት፣ ይህ የምት መዛባት ስትሮክ የመያዝን ዕድል ወደ 5 እጥፍ ከፍ እንደሚያደርገው አሳይቷል።

ከትልቅ ቀዶ ሕክምና ወደ ቀጭን ቱቦ

የሕክምናው መነሻ ሐሳብ ጠባሳ ነው። ጠባሳ የኤሌክትሪክ ምልክት አያስተላልፍም። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጄምስ ኮክስ በ1987 እ.ኤ.አ. በሴንት ሉዊስ ከተማ ይህንን ተጠቅመው፣ የሕመምተኛውን ደረት ከፍተው የልብን የላይኛ ክፍሎች በተመረጡ መስመሮች ቀደው መልሰው ሰፉ። የተዘበራረቀው ምልክት ጠባሳው ላይ ሲደርስ መሄጃ አጣ። ዘዴው ውጤታማ ቢሆንም ደረትን መክፈት ለሁሉም ሰው የሚሆን አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው በፈረንሳይ የቦርዶ ከተማ ሐኪሞች ያገኙት ግኝት ነው። ሚሼል አይሳጌር እና ባልደረቦቻቸው በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 45 ሕመምተኞችን መርምረው የምት መዛባቱን የሚጭሩ 69 ነጥቦችን ለዩ። ከ69ኙ ውስጥ 65ቱ የተገኙት ከሳንባ ወደ ልብ ደም በሚያመጡት ደም መልሶች ውስጥ ነበር። በአብዛኛው ሰው ላይ እነዚህ ደም መልሶች አራት ናቸው። እሳቱ የሚነሳው ከእነዚህ አራት በሮች ከሆነ ደረትን ከፍቶ የልብን የላይኛ ክፍሎች መቆራረጥ ላያስፈልግ ይችላል ማለት ነው።

ገበሬ ሰደድ እሳት ወደ ማሳው እንዳይዘልቅ በዙሪያው ያለውን ሣር አጭዶ ባዶ መሬት ይተዋል። የዛሬው አብሌሽንም እንዲሁ በእያንዳንዱ ደም መልስ አፍ ዙሪያ የጠባሳ ቀለበት ይሠራል። ውስጥ የሚነሳው ምልክት ቀለበቱን ማለፍ ያቅተዋል።

ሐኪሙ ምን ይሠራል?

ሕመምተኛው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ ሐኪሙ ብሽሽቱ ላይ ባለው ደም መልስ በኩል ቀጫጭን ቱቦዎችን ያስገባል። ቱቦዎቹ ወደ ላይ ተጉዘው ቀኙ የላይኛ ክፍል ይደርሳሉ። ከዚያ ቀኝና ግራውን በሚለየው ስስ ግድግዳ ላይ በመርፌ ትንሽ ቀዳዳ ተበጅቶ ወደ ግራው ክፍል ይሻገራሉ። አስቀድሞ በልብ ውስጥ የረጋ ደም አለመኖሩ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ይታያል፤ በሥራው ጊዜም ደም እንዳይረጋ መድኃኒት ይሰጣል። ሥራው ከአንድ እስከ ጥቂት ሰዓታት ይፈጃል። ሕመምተኛው ለተወሰነ ሰዓት በጀርባው ከተኛ በኋላ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ከሆስፒታል ይወጣል።

ጠባሳው የሚሠራባቸው ሦስት ዋና መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ራዲዮፍሪኩዌንሲ በተባለ የኤሌክትሪክ ኃይል የቱቦው ጫፍ የነካውን ቦታ ነጥብ በነጥብ ያቃጥላል። «ልብን ማቃጠል» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው። ትንሽ ፊኛ በደም መልሱ አፍ ላይ ተነፍታ በቀዝቃዛ ጋዝ ትሞላለች፤ ዙሪያውን ያለውን ጡንቻ በአንድ ጊዜ ታቀዘቅዘዋለች። 762 ሕመምተኞችን ያካተተውና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው «እሳትና በረዶ» የተባለ ጥናት ሁለቱን ዘዴዎች አወዳድሮ ቅዝቃዜው ከሙቀቱ የማያንስ ውጤትና ደኅንነት እንዳለው አሳይቷል።

ሦስተኛውና አዲሱ «ፐልስድ ፊልድ» የሚባለው ነው። እጅግ አጫጭር በሆኑ ብርቱ የኤሌክትሪክ ምቶች የልብ ጡንቻ ሴሎችን ሽፋን በመብሳት ያከስማቸዋል። የልብ ጡንቻ ለዚህ ኃይል በቀላሉ ሲሸነፍ፣ ከጀርባው ያለው የምግብ ቧንቧና የነርቭ መስመሮች ግን የተሻለ ይቋቋሙታል። በ2023 እ.ኤ.አ. በ607 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ከሙቀቱና ከቅዝቃዜው የማያንስ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻና በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ፈቅዷል። ይሁንና አዲስ ስለሆነ ብቻ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ቀይ የደም ሴሎችን በመሰባበር ኩላሊትን ሊያስቸግር፣ አልፎ አልፎም የልብን ደም ቅዳ ሊያኮማትር ይችላል።

ስለዚህ «የትኛው መሣሪያ ነው?» ከሚለው ይልቅ «የሚሠራው ሐኪም ምን ያህል ልምድ አለው?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ምን ያህል ይሳካል?

የምት መዛባቱ እየመጣ የሚሄድ፣ ማለትም በ7 ቀን ውስጥ የሚለቅ ከሆነ የተሻለ ውጤት ይገኛል። በትላልቅ ጥናቶች እንደታየው ከእንዲህ ዓይነቶቹ 10 ሰዎች ውስጥ ወደ 7 የሚሆኑት ከአንድ ሕክምና በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ሕመሙ አይመለስባቸውም። መዛባቱ ለወራትና ለዓመታት ሳይለቅ የቆየ ከሆነ፣ የላይኛው ክፍልም ከሰፋ፣ ውጤቱ ያንሳል። ሁለተኛ ጊዜ መሠራት የሚያስፈልጋቸው ጥቂት አይደሉም። ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ምቱ ቢዛባ ግን ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

«ተሠራልኝ በሚል እምነት ብቻ ይሆን የሚሻላቸው?» ብለው የጠየቁ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 126 ሰዎችን በሁለት ከፍለው ለግማሾቹ አብሌሽን፣ ለቀሪዎቹ የይስሙላ ሕክምና ሰጡ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እውነተኛው ሕክምና የምት መዛባቱን በግልጽ እንደቀነሰና የኑሮን ጥራት እንዳሻሻለ አረጋግጧል።

ዕድሜ ያስረዝማል ወይ? በ10 አገሮች 2,204 ሕመምተኞችን ያሳተፈው «ካባና» የተባለ ጥናት ውጤት በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሞትን፣ አካል የሚያሰናክል ስትሮክን፣ ከባድ የደም መፍሰስንና የልብ መቆምን አንድ ላይ ሲቆጥር አብሌሽን ከመድኃኒት ይበልጣል ለማለት የሚያስችል ልዩነት አላገኘም። የሕመም ስሜትን በመቀነስና ኑሮን በማቅለል ግን አብሌሽን በልጧል። የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ነገር የተለየ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው 363 ሰዎችን ባካተተ ጥናት የሞቱ ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡት በአብሌሽን ከታከሙት 28.5 በመቶ፣ በመድኃኒት ከታከሙት ደግሞ 44.6 በመቶ ነበሩ።

ደም ማቅጠኛው ይቀጥላል

አዲሱ ጠባሳ ራሱ ደም ሊያረጋ ስለሚችል ከአብሌሽን በኋላ ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ወራት ማንኛውም ሕመምተኛ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለው የሚወሰነው በምቱ መስተካከል አይደለም፤ ሰውዬው ለስትሮክ ባለው ተጋላጭነት ነው። ዕድሜው ከ65 ወይም ከ75 ያለፈ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ድካም ወይም የደም ሥር ሕመም ያለበት፣ ከዚህ በፊት ስትሮክ የመታው ሰው ተጋላጭነቱ ከፍ ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ልቡ እንደ ሰዓት እየመታ እንኳ መድኃኒቱን እንዲቀጥል ሊመከር ይችላል። ምክንያቱም ሕመሙ ምንም ሳይታወቅ ሊመለስ ይችላል፤ ደምም ሊረጋ ይችላል።

የእኛ አገር ልብ

በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ሕመም በአብዛኛው የሚከተለው ዕድሜን፣ ደም ግፊትንና ውፍረትን ነው። በአገራችን እነዚህም እየበዙ ቢሆንም ሌላ ትልቅ ምክንያት አለ፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብን ቫልቭ ይጎዳል። በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ ይጠብባል፣ የላይኛው ክፍል ይሰፋል፣ በመጨረሻም ምቱ ይዛባል። ብዙዎቹ ሕመምተኞች ገና በወጣትነትና በጎልማሳነት ዕድሜ ላይ ያሉ፣ በተለይም ሴቶች ናቸው።

ከላይ የጠቀስናቸው ትላልቅ የአብሌሽን ጥናቶች የተሠሩት በዋናነት እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ አይደለም። ቫልቩ ክፉኛ ለጠበበ ሰው የሚቀድመው ቫልቩን በፊኛ ማስፋት ወይም በቀዶ ሕክምና መጠገን ወይም መቀየር ነው። ደረት ለቫልቭ ከተከፈተ ደግሞ የምት መዛባቱን እግረ መንገድ በዚያው ማከም ይቻላል። ኢኮ የተባለውን የልብ አልትራሳውንድ ሳይነሱ ለአብሌሽን ትኬት መቁረጥ ስለዚህ አይመከርም።

የደም ማቅጠኛው ምርጫም ይለያል። ዘመድ ከውጭ «አዲሱ መድኃኒት ይሻላል፣ የደም ምርመራ አይፈልግም» ብሎ ይልካል። ለብዙ ሰው እውነት ነው። ሩማቲክ የልብ ሕመም ላለባቸው ግን በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች ውስጥ ከ4,500 በላይ ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኢንቪክተስ» የተባለ ጥናት ተቃራኒውን አሳይቷል። ነባሩን ዋርፋሪን ከወሰዱት ይልቅ አዲሱን ሪቫሮክሳባን የወሰዱት በብዛት ሞተዋል። ስለዚህ ከሐኪም ሳይማከሩ ዋርፋሪንን በሌላ መቀየር አደገኛ ነው።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይኤንአር የተባለውን የደም ምርመራ በየጊዜው ማድረግ አለበት፤ ለዚህ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ጎመንና ቆስጣ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ጎመን መብላት ክልክል አይደለም፤ የሚፈለገው መጠኑ እንዳይዋዥቅ ነው። በዐቢይ ጾም አመጋገብ ስለሚለወጥ ጾም ሲገባም ሲፈታም ምርመራውን ማድረግ ብልህነት ነው። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ለደም መፍሰስ ያጋልጣል። ዋርፋሪን ፅንስን ስለሚጎዳ ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ከተመለሱ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት

እንደማንኛውም ሕክምና አብሌሽንም አደጋ አለው። ብሽሽት ላይ ደም መፍሰስና ማበጥ የተለመደ ነው። ከ100 ሰዎች ወደ አንዱ በሚሆን ላይ ልብ ተበስቶ ደም በዙሪያው ሊጠራቀም ይችላል። ስትሮክ ከ100 አንድ በማይሞላ ሰው ላይ ይደርሳል።

ቤተሰብ በተለይ ሊያውቀው የሚገባው ግን እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚያጠቃ፣ ካጠቃ ግን ገዳይ የሆነ አንድ ችግር አለ። በተለይ ሙቀቱ ከልብ ጀርባ ያለውን የምግብ ቧንቧ ከጎዳው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ በቧንቧውና በልብ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ሕመምተኛው ከውጭ ተመልሶ ቤቱ ገብቷል። ትኩሳት፣ ሲውጡ ሕመም፣ የደረት ውጋት፣ ደም ማስታወክ ወይም እንደ ስትሮክ ያለ ምልክት ይታይበታል። ትኩሳቱን «ታይፎይድ ነው» ብሎ ማሳለፍ ሕይወት ያስከፍላል። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ሁለት ወራት እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ወዲያው ትልቅ ሆስፒታል ሄዶ መጀመሪያ «የልብ አብሌሽን ተሠርቶልኛል» ማለት አለበት። የሚቀድመው የደረት ሲቲ ስካን ነው። ጨጓራ ለማየት በአፍ የሚገባው የኢንዶስኮፒ ምርመራ ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል ይህን ታሪክ ሳይናገሩ መሠራት የለበትም። የሕክምናውን ወረቀት ሁልጊዜ አብሮ መያዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት ይጠይቁ

• የምት መዛባቱ በኢሲጂ ተረጋግጧል? ስሙስ በትክክል ምንድን ነው?
• ኢኮ ተነስቻለሁ? ቫልቬ ጤነኛ ነው?
• የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ተመርምሯል? ሆርሞኑ ሲበዛ ራሱ ልብን ያዛባል፤ መጀመሪያ መታከም ያለበትም እሱ ነው።
• የምት መዛባቱ እየመጣ የሚሄድ ነው ወይስ የቆየ? በእኔ ሁኔታ የመሳካት ዕድሉ ስንት ነው?
• የሚሠራው ሐኪም በዓመት ስንት ያህል ይሠራል?
• ሁለተኛ ጊዜ ቢያስፈልግ ክፍያው ስንት ነው?
• ከተመለስኩ በኋላ የሚከታተለኝ ማነው? ደም ማቅጠኛውስ እስከ መቼ ይቀጥላል?

ከእነዚህ ጋር የራስ ድርሻም አለ። በአውስትራሊያ የተደረጉ ጥናቶች ውፍረት ያለባቸው ሕመምተኞች ክብደታቸውን ቢያንስ በ10 በመቶ ሲቀንሱና በዚያው ሲጸኑ፣ አዘውትረው የሚጠጡም መጠጥ ሲተዉ የምት መዛባቱ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ደም ግፊትን መቆጣጠርና በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥን ከባድ ማንኮራፋት መታከምም ይረዳል።

ወደ ውጭ ለመሄድ አቅም ለሌለው ቤተሰብም ነገሩ አላበቃም። ከስትሮክ የሚጠብቀው ደም ማቅጠኛ፣ የልብን ፍጥነት የሚያረጋጉ መድኃኒቶችና የደም ግፊት ሕክምና አገር ውስጥ አሉ። የሩማቲክ ሕመም ላለባቸው በየሦስትና አራት ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌም እንዲሁ። ከአብሌሽን ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ የሚጠይቁት ሳያቋርጡ መከታተልን ነው።

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ላሉ አዛውንት ይህን ያድርጉላቸው። ሁለት ጣትዎን በአውራ ጣታቸው በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አድርገው ትርታቸውን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት እያለ ወጥነት ካጣ ነገ ኢሲጂ እንዲነሱ ይውሰዷቸው።